ዳዶ ያዥ

የሸራ ጀልባ ያላቸው ሰዎች ሲጨዋወቱ ሰምታችሁ ከሆነ ወሬያቸው ሁሉ ነፋስ ነው። ነፋሱ ከየት እንደ ተነሣ፣ ሸራው እንዴት እንደ ሞላ፣ ጀልባዋ እንዴት እንዳጋደለች፣ የሞተር ድምፅ ሳይኖር ውሃ ላይ መንሸራተት ለነፍስ ምን ያህል እንደሚስማማ። አማቼም እንደዚሁ ነው። ራት ላይ ነፋስ፣ ቡና ላይ ነፋስ። ይሁንና ያቺ ጀልባ ከታሰረችበት ወጥታ ሸራ እስኪዘረጋላት ድረስ፣ ሸራው ከታጠፈም በኋላ ተመልሳ እስክትታሰር ድረስ የሚገፋት ነፋስ አይደለም። ኋላዋ ላይ የተንጠለጠለ፣ ቤንዚን የሚጠጣ፣ ከሩብ ኩንታል የሚያልፍ ሞተር ነው። ሞተሩን የሚሸከመው አንድ የአሉሚኒየም ማንጠልጠያ ነው። ማንጠልጠያውን የሚይዙት አራት ብሎኖች ናቸው። የአራቱን ብሎኖች ዳዶ የሚይዘው ማን ነው? እኔ ነኝ። በዚህ ዕድሜዬ!

ዕድሜዬን የፈጀሁት ባሕር ዳር፣ ጋራዥ ውስጥ ነው። ቺያቬና ካቻቢቴ እንደ ያዝኩ አርጅቻለሁ። የጭነት መኪና ካምቢዮ አውርጃለሁ፤ ወደ ዘጌና ወደ ደሴቶቹ ገዳማት ሰው የሚያመላልሱትን ጀልባዎች ሞተርም አንዳንዴ ፈትቼ ገጥሜያለሁ። ስለዚህ ብሎን አያስደነግጠኝም። ጡረታ ስወጣ ልጄ፣ "አባባ፣ አሁንስ ይምጡና ይረፉ" ብላ ሜሪላንድ አስመጣችኝ። እኔና ባለቤቴ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ልጆች ቤት ተቀመጥን። የማርፈው ጀልባ ሆድ ውስጥ በጎኔ ተጋድሜ መሆኑን ግን ቪዛ ላይ የጻፈልኝ አልነበረም።

አማቼ ደህና ልጅ ነው። በኮምፒውተር ሥራ ይተዳደራል፤ በልጅነቱ ነው እዚህ የመጣው፤ አማርኛው ትንሽ ይንገዳገዳል እንጂ አክብሮቱ አይጎድልም። ጥፋቱ አንድ ነው፤ ርካሽ ነገር ያያል። ጀልባዋንም የገዛት ርካሽ ስለ ነበረች ነው። 22 ጫማ ርዝመት አላት፤ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በፋይበርግላስ የተሠራች ናት። በዕድሜ እሱን ትበልጠዋለች፤ እሱ ግን ሲያወራት ታናሽ እህቱ ናት። ርካሽ ጀልባ የሚባል ነገር በዓለም ላይ እንደሌለ፣ ያልተከፈለው ዋጋ በኋላ በክፍል በክፍል እንደሚከፈል ነግሬው ነበር። "አይ አባባ፣ ትንሽ ጽዳት ብቻ ነው የሚያስፈልጋት" አለኝ።

የምትታሰረው ከአናፖሊስ አጠገብ፣ ቼሳፒክ የሚሉት የባሕር ወሽመጥ ውስጥ ነው። ትልቅ ውሃ ነው፤ ርዝመቱ ወደ 320 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ጥልቀቱ ግን ያን ያህል አይደለም፤ በአማካይ ሲታይ 7 ሜትር እንኳ አይሞላም። እዚያ ውሃ ላይ በሐምሌና በነሐሴ ጠዋት ጠዋት ትንሽ ሽው ይላል። እኩለ ቀን ላይ ነፋሱ ድራሹ ይጠፋል። ሸራው ይረግባል፣ ውሃው ይተኛል፣ ፀሐይዋ አናት ላይ ትቆማለች። እግሬን ላቀዝቅዝ ብትሉ ከሥር ጄሊፊሽ የሚሉት የሚለበልብ ፍጡር ይንሳፈፋል። ከሰዓት በኋላ ደግሞ በምዕራብ በኩል ጥቁር ደመና ይቆለልና መብረቁን እያስቀደመ ይመጣል። ያን ጊዜ የነፋስ አፍቃሪ ሁሉ ፍቅሩን ትቶ የሞተር ገመድ ሲጎትት ብታዩት!

ሕጉም ቢሆን ያውቃቸዋል። በባሕር ጉዞ ደንብ፣ ሸራህን ዘርግተህ ሞተርህም እየገፋህ ከሆነ አንተ የሞተር ጀልባ ነህ፤ ለሸራ ጀልባ የሚሰጠው ቅድሚያ አይገባህም። ይህን ያስተማረኝ ሲልቨር ስፕሪንግ ቡና የምንጠጣበት ቤት የማይጠፋ አንድ ወዳጄ ነው። ምጽዋ፣ በንጉሡ ባሕር ኃይል ውስጥ ያገለገለ ሰው ነው። አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ1962 የሰጡን "ኢትዮጵያ" የተባለችው መርከብ ከ300 ጫማ በላይ ርዝመት እንደ ነበራት ሳይናገር ቡናው አይወርድለትም። የአማቼን ጀልባ በስልክ ፎቶ አሳየሁት። መነጽሩን አወለቀ፣ ጠረገ፣ መልሶ አደረገ። "ቀሪው የት አለ?" አለኝ። አንድ ቀን ና እንውጣ ብዬ ብለምነው እስካሁን እሺ አላለኝም።

ይህን ሁሉ ጣጣ ያመጣብን ኦሌ ኤቪንሩድ የሚባል፣ ኖርዌይ ተወልዶ ዊስኮንሲን ያደገ ሰው ነው። እንደሚተረከው፣ እጮኛው በበጋ ሐሩር አይስክሬም አማራትና ሐይቁን በመቅዘፊያ ተሻግሮ ገዝቶላት ሲመለስ መንገድ ላይ ቀለጠበት። ተናደደና ሞተር ሠራ። የእኛ አገር ሰው ቢሆን ኖሮ የቀለጠውን በብርጭቆ ገልብጦ "ጠጪው፣ ወተት ነው" ብሎ ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። ከእሱ በፊት የሞከሩ ነበሩ፤ እ.ኤ.አ. በ1909 ለገበያ ያቀረበው ግን ስሙን ተከለ። ያ ሞተር አንድ ተኩል የፈረስ ጉልበት ነበረው፤ ክብደቱ 62 ፓውንድ፣ 28 ኪሎ ግድም። የአማቼ ሞተር ስድስት የፈረስ ጉልበት አለው። ክብደቱስ? ያው ነው ማለት ይቻላል። ከመቶ ዓመት በላይ ሲያሻሽሉት ፈረስ ጨመሩበት እንጂ ተሸካሚውን ያሰበው የለም።

የጀልባዋ ብልሽት የመጣውም ከዚሁ ከክብደት ነው። ጀልባዋ በተሠራችበት ዘመን የሚሰቀልላት ቱ ስትሮክ ነበር፤ ቤንዚንና ዘይት ተቀላቅሎ የሚጠጣ፣ የሚጮኽ፣ የሚያጨስ፣ ግን ቀላል። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ1996 የጀልባ ሞተርን ጭስ የሚገድብ ደንብ አወጣና ከዚያ ወዲህ ከበድ የሚለው ፎር ስትሮክ ገበያውን ያዘው። ጭሱ ቀነሰ፣ ዓሣውም እፎይ አለ፤ በዚህ አልጣላም። ማንጠልጠያው ግን ያው የድሮው ነው። ሰው ሞተር ይለውጣል፣ ሸራ ይለውጣል፣ ራዲዮ ይለውጣል፣ ትራስ ሳይቀር ይለውጣል። ማንጠልጠያ የሚለውጥ አላየሁም፤ የሚለውጠው ሲወድቅበት ነው።

አንድ ነገር ላስረዳችሁ፤ ይህን ያልተረዳ ሰው ጀልባ አይግዛ። ሞተሩ ከጀልባዋ የኋላ ግድግዳ ወደ ውጭ ወጥቶ ስለሚንጠለጠል ክብደቱ የላይኞቹን ሁለት ብሎኖች ወደ ውጭ ይጎትታል። ሲነሣ ደግሞ ከሥር ያለው ፕሮፔለር ወደ ፊት ይገፋል፤ የማንጠልጠያውን እግር ወደ ግድግዳው ይጫነውና ራስጌውን ይፈነቅለዋል። አሁንም የሚጎተቱት የላይኞቹ ናቸው። የታችኞቹ ተራ የሚደርሳቸው የኋላ ማርሽ ሲገባ ብቻ ነው፤ እሱም ለጥቂት ደቂቃ። የላይኞቹ ቆመውም እየሄዱም፣ በጋም ክረምትም ይጎተታሉ። አመሰግናለሁ የሚላቸውም የለም። በሁለቱ ብሎኖች ከልቤ ነው ያዘንኩት።

ነገሩን ያየሁት አማቼ ጋዝ ሲሰጥ ነው። ግድግዳው ወደ ውስጥ ገባ። ሲለቅ ወጣ። ሲሰጥ ገባ። ግድግዳ መተንፈስ የለበትም። ጎንበስ ብዬ ሳይ ከላይኞቹ ብሎኖች ሥር ቡናማ የዝገት እንባ ወርዷል፤ በዙሪያቸው ያለው ቀለም በቀጫጭን ስንጥቅ ተተልትሏል። የካቻቢቴዬን እጀታ አንሥቼ መታ መታ አደረግሁት። ከብሎኖቹ ራቅ ስል "ጠቅ፣ ጠቅ" ይላል። ስጠጋ "ዱፍ።" ለመካኒክ ጆሮ ከዱፍ የከፋ ድምፅ የለም።

"ልጄ፣ እንጨቱ በስብሷል" አልኩት።

"አባባ፣ ፋይበርግላስ እኮ ነው፤ አይበሰብስም።"

ልክ ነው፤ ፋይበርግላስ አይበሰብስም። በሁለት የፋይበርግላስ ንጣፍ መሃል ለጥንካሬ የታሸገው ኮምፔንሳቶ ግን ይበሰብሳል። ብሎኑ የገባበት ቀዳዳ በደንብ ካልታሸገ ውሃ ጠብ ጠብ እያለ ይገባል፤ መውጫ ስለሌለው እዚያው ይከርማል። ይህን ሁሉ አስረዳሁት። አማቼም አዳመጠኝ፣ ራሱን ነቀነቀ፣ ከዚያ በምድር ላይ ካሉ ዐረፍተ ነገሮች ሁሉ አጥብቄ የምፈራውን ተናገረ፦ "ትንሽ ሥራ ናት አባባ። ቅዳሜ ጠዋት እንጨርሳታለን።"

እኔ በጋራዥ ዘመኔ "ትንሽ ሥራ ናት" ብሎ የመጣ ደንበኛ ካየሁ ምሳዬን ቀድሜ እበላ ነበር። ሥራን ትንሽ የሚያደርጋት ያልተከፈተች መሆኗ ብቻ ነው።

ሞተሩን ማውረዱ አላስቸገረንም። መጀመሪያ ገመድ ታሰረበት፤ ይህን አጥብቄ ነው የምናገረው፤ በየጀልባ ማሰሪያው ሥር ጭቃ ውስጥ የሰው ሞተር ሳይተኛ አይቀርምና። ከዚያ ሸራው ግርጌ ያለውን ቡም የሚሉትን አግዳሚ ወደ ኋላ አውጥተን፣ የሸራውን ገመድና መዘውር ክሬን አድርገን፣ ብድግ አድርገን አወረድነው። አማቼ ደስ አለው። "አያችሁ!" አለ። ጥዋት ሦስት ሰዓት ነበር። ደስታው እስከ ሦስት ተኩል ቆየ።

ብሎን ሁለት ጫፍ አለው። ከውጭ ጭንቅላቱ፣ ከውስጥ ዳዶው። ጣና ላይ ባሉት ክፍት ጀልባዎች ግድግዳውን ተሻግረህ እጅህን ትሰዳለህ፣ ዳዶውን ታገኘዋለህ፣ አለቀ። የዓሣ አጥማጆቹ የደንገል ታንኳማ ከነጭራሹ ብሎን የሚባል አያውቃትም፤ ውሃ ጠጥታ ስትከብድ ሌላ አስረው ይሠራሉ እንጂ ማንም ሽማግሌ ውስጧ አይገባም። ይቺ የአማቼ ጀልባ ግን መቀመጫ አላት፤ ከመቀመጫው ሥር የዕቃ ሣጥን፤ ከሣጥኑ ወዲያ ጠባብ ቀዳዳ፤ ከቀዳዳው ወዲያ ጨለማ፤ ከጨለማው ወዲያ ዳዶ። የሠሯት ሰዎች መጀመሪያ ዳዶውን አጥብቀው ኋላ ነው ጀልባዋን በላዩ ላይ ያነጿት ብል አላጋነንኩም።

አማቼ ትከሻው ሰፊ ነው፤ ጂም ይሄዳል። ሞከረ። እስከ ደረቱ ገባና ቀረ። በእግሩ ስበን አወጣነው። ከዚያ ላቡን እየጠረገ ዘወር ብሎ አየኝ። ልኬን በዓይኑ ሲወስድ ታወቀኝ። እኔ ድሮም ቀጭን ነኝ፤ እዚህ አገር ከመጣሁ ደግሞ ባለቤቴ ስኳርህ ከፍ ብሏል እያለች የምታበላኝ ቅጠል ነው።

"አባባ፣ ምናልባት እርስዎ..." አለና አቋረጠ። አክባሪ ልጅ ስለሆነ አንገቱን ደፍቶ ነው ያለው። አንገቱን ቢደፋም ቢያቀናም የገባሁት እኔ ነኝ።

አሁን ሁኔታዬን ተመልከቱልኝ። በግራ ጎኔ ተኝቻለሁ። ቀኝ እጄ ከራሴ በላይ ተዘርግቶ ቺያቬ ይዟል። ግራ እጄ ከሥሬ ስለሆነ እንዳልተፈጠረ ቁጠሩት። በጥርሴ ባትሪ ነክሻለሁ። ጎድኔ ሥር ከጥንት ጀምሮ የተረሳ ገመድ አለ፤ ከገመዱ ሥር ደግሞ ጠንካራ ነገር አለ፤ ምን እንደሆነ ለማየት መዞር አልችልም። የቤንዚኑን ጋን ከመግባቴ በፊት አስወጥቼዋለሁ፤ ሽታው ግን የቤቱ ባለቤት ስለሆነ አልወጣም። ወሩ ነሐሴ ነው። ተጋድሜ ስላለሁ ላቤ ወደ አገጬ አይወርድም፤ ወደ ጆሮዬ ነው የሚፈሰው።

"አባባ፣ ያዙት?"

ይዤዋለሁ ልል ነበር፤ በባትሪው ምክንያት የወጣው ሌላ ነገር ነው።

"ምን አሉኝ?"

"ይዤዋለሁ!" ባትሪው ከአፌ ወደቀ። ጨለመ።

"እሺ፣ ላዙር?"

"አታዙር!"

አዞረው። ዳዶው አብሮ ዞረ፣ ቺያቬው ተንሸራተተ፣ ክንዴ ግድግዳው ላይ ተፋቀ። ከውጭ የሚያብለጨልጭ ፋይበርግላስ ከውስጥ ያልተላገ መሆኑን ያወቅሁት በቆዳዬ ነው። ደቃቁ ብናኝ ክንድ ላይ ከገባ ቀናት ያሳክካል፤ በሙቅ ውሃ ከታጠባችሁት ደግሞ ይብስበታል፤ መጀመሪያ በቀዝቃዛ ነው የሚታጠበው። እንዲህ እንዲህ እያልን ሦስቱን አወጣን። አራተኛው አልወጣም አለ። ስቴንለስ ብረትና አሉሚኒየም ጨዋማ ውሃ መሃላቸው ሲገባ አይስማሙም፤ የሚበላው አሉሚኒየሙ ነው። ነጭ ዱቄት ሆኖ ያብጥና ብሎኑን አንቆ ይይዘዋል። ዘይት ነፋንበት፣ ጠበቅነው፣ መታነው፣ ለመንነው። በመጨረሻ አማቼ ጭንቅላቱን በግራይንደር ቆረጠው። እኔ ውስጥ ሆኜ የግራይንደሩን ጩኸት ከሰማሁ ወዲህ ዝቅ ብሎ የሚያወራ ሰው አይሰማኝም፤ ለዚህ ግን ጥፋቱን በዕድሜዬ ነው የሚያሳብቡት።

ከውስጥ የነበሩት ሮንዴላዎች የጣቴን ጥፍር አያህሉም። ያን ሁሉ ሸክም ለአራት ጥፍር የሚያህሉ ሮንዴላዎች አደራ ሰጥተው ሃምሳ ዓመት ሲኖሩ ማፈር አልነበረባቸውም? ማንጠልጠያው ሲነሣ አማቼ ጣቱን በቀዳዳው አስገባ። የወጣው እንጨት አይደለም፤ ውሃ የጠጣ ድርቆሽ ነው። ጨመቀው። ጠብ ጠብ አለ። ለረጅም ጊዜ ዝም አለ።

"ቅዳሜ ጠዋት ነበር ያልከኝ?" አልኩት።

መቼም የመጣብን መጣ። ጫፉ የተቆለመመ ሚስማር ትራፓኖ ላይ ገጥመን፣ በየቀዳዳው እያስገባን የበሰበሰውን እያኘክን አወጣን፤ ደረቅ እንጨት እስክናገኝ ድረስ። ከዚያ እንዲደርቅ ተተወ። ከዚያ ኢፖክሲ የሚሉት ሙጫ ይሞላበታል፤ ሁለት ፈሳሽ ነው፣ በልኩ ተመጥኖ ይደባለቃል፣ ዱቄት ተጨምሮበት ይወፍራል፣ ሲደርቅ ድንጋይ ይሆናል። ሲደርቅ ደግሞ ሙቀት ያወጣል። በአንድ ጥልቅ ኩባያ በብዛት ከተቀላቀለ፣ በዚያ ላይ ነሐሴ ከሆነ፣ ሙቀቱ ራሱን በራሱ ያቀጣጥለዋል። ትንሽ ትንሽ እያደረግህ፣ በዝርግ ሣህን ላይ ዘርግተህ ሥራ አልኩት። ኢንተርኔት ላይ አይቼዋለሁ አለኝ። አንድ ኩባያ ሙሉ በጠበጠ። ቀዳዳውን በቴፕ ሲያሰናዳ ኩባያው ማጨስ ጀመረ። "አባባ፣ ይጨሳል!" ይለኛል፤ እኔ ምን ላድርገው? ወደ ማሰሪያው ወለል ወረወረው፤ የፕላስቲኩ ኩባያ ሥሩ ቀልጦ ከጣውላው ጋር ተጣበቀ። ዛሬም እዚያው አለ፤ ሰው ሁሉ ይሰናከልበታል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች አልኩና ዞር አልኩ፤ ከዚያ በላይ መናገር ከአማች ጋር አያኗኑርም።

ጎረቤቶቹን ሳልነሣ ማለፍ አልችልም። በየጀልባው ላይ ቢራ ይዞ የተቀመጠ ፈረንጅ ሁሉ መሐንዲስ ነው። አንዱ መጥቶ ግድግዳውን ሙሉ ቆርጣችሁ ጣሉት ይላል። ሁለተኛው ምንም አትንኩት፣ ብሎኑን ብቻ አወፍሩት ይላል። ሦስተኛው ሞተር ለምን ያስፈልጋል፣ አያቶቻችን በሸራ ብቻ ነበር የሚገቡ የሚወጡት ይላል፤ የእሱን ጀልባ ኋላ ሳይ ዐሥር የፈረስ ጉልበት ያለው ተሰቅሏል። ሁሉም አማቼን ነው የሚያናግሩት። ከሣጥኑ ውስጥ የወጡት ሁለት እግሮች የማን እንደሆኑ የጠየቀ የለም።

አዲሱ ማንጠልጠያ ከ200 ዶላር በላይ ነው። እንዳየሁት የረባ ነገር ነው፤ ጠንካራ ሞላ አለው፣ ሞተሩን ከፍ ዝቅ ያደርጋል። ዋናው ነገር ልኩ ነው። የሞተር እግር አጭሩ 15 ኢንች፣ ረጅሙ 20፣ ከዚያም የሚብሰው 25 ነው። ማንጠልጠያው ሲወርድ ፕሮፔለሩ ከበላዩ ካለው ሰሌዳ ጋር ውሃ ውስጥ በደንብ መስጠም አለበት፤ አለዚያ ማዕበል መጥቶ የጀልባዋን ኋላ ብድግ ሲያደርግ ፕሮፔለሩ አየር ይቀዝፋል፤ ጩኸት ነው እንጂ ጉዞ የለም። ሲነሣ ደግሞ ከውሃ ጨርሶ መውጣት አለበት፤ አለዚያ በሸራ ስትሄድ የምትጎትተው እሱን ነው። አማቼ በወረቀት ሳለው፣ በኮምፒውተር ሳለው፣ በመጨረሻ እኔ በሜትር ለካሁት። የብሎን ቀዳዳዎቹ ከድሮዎቹ ጋር አይገጥሙም፤ በአንድ ጣት ያህል ይስታሉ። ይህ የሚያስገርመው ሰው ካለ ዕቃ ገዝቶ አያውቅም።

ከውስጥ በኩል የሚሆነውን ሰሌዳ ግን ለማንም አልሰጠሁም። 6 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የአሉሚኒየም ሰሌዳ አስገዛሁት፤ ማንጠልጠያውን ከውጭ ከሚይዘው ስፋት በአራቱም ማዕዘን እንዲያልፍ አድርጌ ልጄ ጋራዥ ውስጥ ቆረጥሁት፣ ጠርዙን በሞረድ አለሰለስሁት፣ ማዕዘኑን አከበብሁት። ሸክሙ በአራት ነጥብ ላይ ከሚቆም በአንድ ሰሌዳ ላይ ቢተኛ ግድግዳው አይተነፍስም። ከሁለቱ ብረቶች መሃል የሚገባውን ቅባትም አልረሳሁም። ባለቤቴ ብቅ ብላ አይታኝ፣ "አንተ ሰውዬ፣ ባሕር ዳር ትተኸው የመጣኸው መስሎኝ" አለችኝ። መልስ አልሰጠሁም። ሞረድ ላይ ያለ ሰው መልስ አይሰጥም።

እነሆ እንግጠም ሲባል የሆነው ነገር ነው የሚያንገበግበኝ። ቀዳዳዎቹ አፋቸው ላይ ትንሽ ይጎደጎዳሉ፤ ውሃ የሚከለክለው ማስቲሽ እዚያ ይቀመጣል፣ ብሎኑን በቀለበት ይከባል። ማስቲሹ ከተቀባ በኋላ ብሎኑ አይዞርም። ከዞረ ማስቲሹን ይበጥሰዋል፤ ውሃው ነገ ይገባል፣ ድርቆሹም ተመልሶ ይመጣል። ስለዚህ ከውጭ ያለው ሰው የብሎኑን ጭንቅላት ጸጥ አድርጎ ይይዛል። የሚዞረው ዳዶው ነው። አጥባቂው ከውስጥ ያለው ነው። ገባችሁ? እስከ ዛሬ ዳዶ ያዥ ነበርኩ፤ አሁን ሠራተኛው እኔ፣ ያዡ እሱ። በግራ ጎኔ፣ በጨለማ፣ ሩብ ዙር፣ ሩብ ዙር፣ ማስቲሹ ከየጠርዙ ብቅ እስኪል ድረስ፤ ከዚያ እንዲይዝ ተትቶ፣ በማግሥቱ ተመልሶ ተገብቶ፣ የመጨረሻዋን ማጥበቅ። አማቼ ፀሐይ ላይ ቆሞ አንድ ካቻቢቴ ይዟል። በሌላ እጁ ስልክ።

ሞተሩ ተሰቀለ፣ ተነሣ፣ ጋዝ ተሰጠ። ግድግዳው ንቅንቅ አላለም። ጎረቤቶቹ አጨበጨቡ። ቢራውን የያዘው ሁሉ እየመጣ የአማቼን ትከሻ መታ መታ አደረገ፤ ያን እስከ ደረቱ ገብቶ የቀረውን ትከሻ። ማታ ላይ ፎቶው በቤተሰቡ ቴሌግራም ተለቀቀ። አማቼ ከአዲሱ ማንጠልጠያ ጎን ቆሟል። አዲስ አበባ ያሉት እህቶቹ "ጎበዝ!" "እጅህ ይባረክ!" ብለው ጻፉ፤ አበባና እሳት ላኩ። እኔ ፎቶው በተነሣበት ደቂቃ ከጀልባዋ ውስጥ እግሬ ደንዝዞ መውጣት አቅቶኝ ነበር። ፎቶውን አስፍቼ ሳይ በመቀመጫው ሥር አንድ የጫማዬ ሶል ይታያል። የልጅ ልጄ አየችው፤ "አያዬ፣ ይሄ ያንተ እግር ነው?" አለች። ከቤቱ ውስጥ ፍርድ የምታውቅ እሷ ብቻ ናት።

የባሕር ኃይሉን ወዳጄን ነገርኩት። "እኛ ጋ እንዲህ ያለ ሥራ ለአዲስ ምልምል ነበር የሚሰጠው" አለኝ። አጽናናኝ ማለት ነው።

አሁን የቀረን ክርክር አንድ ነው። እኔ የምለው፣ የመቀመጫው የኋላ ግንብ ላይ፣ ልክ ከዳዶዎቹ ትይዩ፣ ክብ መክፈቻ ይቆረጥ። በየጀልባ ዕቃ መደብሩ የሚሸጥ የፕላስቲክ ክዳን አለ፤ ተጠምዝዞ ይከፈታል፣ ውሃ አያስገባም፣ እጅ እስከ ክርን ያስገባል። በዓመት አንዴ ከፍቶ ዳዶውን ነካ አድርጎ ማየት ነው፤ ላላ እንደሆነ ሩብ ዙር። ማንም መግባት የለበትም፤ ቀጭንም ወፍራምም። አማቼ አንገቱን ይደፋል፤ "አባባ፣ እንደሱማ ውበቷ ይበላሻል" ይለኛል። ባለፈው እሑድ ደግሞ ቡና ላይ ከነፋስ ወሬው መሃል ወጣ ብሎ የመሪውን ማጠፊያ ብሎኖች አነሣ፤ ትንሽ ላላ ብለዋል፣ ትንሽ ሥራ ናት አለ። ዳዶዎቹ የት እንዳሉ ጠየቅሁት። ስኒውን አስቀመጠና ልኬን በዓይኑ መውሰድ ጀመረ። ባለቤቴን ጠርቼ እንጀራ ጨምሪልኝ አልኳት፤ ስኳሩ የራሱ ጉዳይ።